ከሕክምና በኋላ የት ይኑር? በጅማ ከሱስ ለሚያገግም ሰው መኖሪያ መምረጫ

ልጁ ከሆስፒታል ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው የቤተሰብ ጉባኤ ይቀመጣል። አጎት «ገጠር ይላክ፣ አየር ይለውጥ» ይላል። እናት «ከዓይኔ ከራቀማ አለቀ» ትላለች። አክስት ፀበል ትመክራለች። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድም ደውሎ «እዚህ ማዕከል አለ፣ ዋጋው ግን አይቀመስም» ይላል። አንድ ጓደኛው ደግሞ «ካቆሙት ልጆች ጋር ቤት ተከራይተን እንኑር» የሚል ሐሳብ ያመጣል፤ እሱን ግን የሚሰማው የለም። ሁሉም ለልጁ ደግ ነው የሚያስቡት። ሲመርጡ ግን አንዱ ወጪውን፣ አንዱ የሰፈር ወሬውን፣ አንዱ ናፍቆቱን ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ክርክሩ አያልቅም።

እነዚህን አምስት አማራጮች በተመሳሳይ መመዘኛ ላያቸው ነው። የምጽፈው ጅማ ውስጥ በብዛት ስለምናየው ስለ ጫትና ስለ አልኮል ነው። «ልጁ» እያልኩ ብጽፍም ነገሩ ሴቶችንም ይመለከታል፤ ለእነሱ የሚለየውን በቦታው አነሳለሁ።

ከቤቱ በፊት ሐኪም

ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ክፉኛ ሊናወጥ ይችላል። መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። የሚጥል በሽታ የሚመስለው መንፈራገጥ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ይመጣል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊከተል ይችላል፤ ይህኛው ካልታከመ ይገድላል። ሆስፒታል ውስጥ ግን እንደ ዲያዜፓም ባሉ መድኃኒቶችና በቫይታሚን ቢ1 የሚታከም ነገር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጠጪ ሰውነቱ ሳይረጋጋ ገጠርም፣ ፀበልም፣ ኪራይ ቤትም አይወሰድ።

ጫት ሲቆም እንዲህ ያለ አደጋ የለውም። ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። ድካሙ፣ ቶሎ መናደዱ፣ እንቅልፍ ሲያሸንፈው መዋሉ፣ ሌሊት ደግሞ ዱካኩ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከባድ ያደርጋቸዋል። አንዳንዱ ከባድ ድባቴ ውስጥ ይገባል። ራሱን ስለማጥፋት ካወራ፣ ወይም ሰው እየተከታተለኝ ነው፣ ድምፅ ይሰማኛል ካለ፣ የቤት ምርጫው ይቆየው፤ ቀጥታ ሆስፒታል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተሰብ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፎ መነሳት አለበት፤ ያለዚያ ከኪሱ መክፈል ሊኖርበት ይችላል።

በምን እንመዝን?

ዋናው መመዘኛ የከሰዓቱ ሰዓት ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ቤቱን ሄዳችሁ ያያችሁት ጠዋት ከሆነ አላያችሁትም። ጠዋት ሁሉም ቤት ንጹሕ ነው፣ ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ነው። ጅማ የምትለወጠው ከምሳ በኋላ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ይዳከማል፤ ለዚህ ነው የዕለቱ ቅጠል የሚፈለገው፣ በኮባ ተጠቅልሎ እርጥበቱን እንደያዘ የሚሸጠውም። ሰባት ሰዓት ላይ እስሩ እየተመረጠ ነው፣ ስምንት ላይ ፍራሹ ተነጥፏል። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ የሚያገግመው ሰው የትና ከማን ጋር እንደሚሆን መልስ የሌለው ቤት፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አይሆንም።

ደግሞ ሐራራውን የሚቀሰቅሰው ቅጠሉ ብቻ አይደለም። ትራሱ ግድግዳ ጥግ ሲደረደር፣ ዕጣኑ ሲጨስ፣ ለውዝ በሳህን ሲመጣ፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ በፔርሙዝ ሲቀርብ፣ የቃመ ሰው ሰውነት ያውቀዋል። «ጫት ቤታችን አይገባም» የሚል ቤተሰብ ፍራሹንና ወጉን እንዳለ ካቆየው ግማሹን ነገር አላነሳም። ምሽት ላይ ደግሞ ጨብሲው አለ፤ ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ወይም አረቄ። «ጫቱን ይተው እንጂ አንድ ሁለት ቢራ ምን አለበት» የሚለው ምክር ጅማ ውስጥ ብዙ ሰው መልሶ ጥሏል። ቤቱ ሁለቱንም መከልከል አለበት።

በረመዳን ይህ የሰዓት ሥሌት ይገለበጣል። የሚቃመው ከአፍጥር በኋላ ስለሆነ አደገኛው ሰዓት ሌሊቱ ይሆናል፤ ቤት መራጩም ያንን ወር ለብቻው ይጠይቅ። በፋሲካና በገና ቤቱ ጠላና አረቄ የሚጣልበት ከሆነም እንዲሁ።

ሁለተኛው መመዘኛ ያገረሸበት ቀን ምን እንደሚደረግ ነው። ማገርሸት ከሱስ ማገገም ጋር አብሮ የሚሄድ የታወቀ ነገር ነው። «እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተከስቶ አያውቅም» የሚል ኃላፊ ወይ አያይም ወይ አይናገርም። መልሱ ግልጽ መሆን አለበት፤ ማን ይነገረዋል፣ የዚያን ሌሊት የት ያድራል፣ ሐኪም ዘንድ ማን ይወስደዋል፣ መቼ መመለስ ይችላል።

ሦስተኛው የሕክምና ክትትል ነው፤ ቀጠሮው የትራንስፖርት ገንዘብ አጥቶ የሚቀር ከሆነ ርቀቱ ለራሱ መመዘኛ ይሆናል። አራተኛው በሩ ነው፤ ልጁ በፈቃዱ ገብቶ በፈቃዱ መውጣት ይችላል ወይ? አምስተኛው ገንዘቡ፣ ከገንዘቡም ይልቅ ለስንት ወር እንደሚበቃ። ለአንድ ወር የሚበቃ ምርጥ ቦታና ለስምንት ወር የሚበቃ መካከለኛ ቦታ ካለ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ወደ ቤት መመለስ

አብዛኛው ሰው የሚሄደው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ነፃ ነው፣ እናትም አለች። የቤተሰብ ቤት ትልቁ ጥንካሬ የሚወደው ሰው መኖሩ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠው መኖሩ፣ ቀጠሮው የማይረሳ መሆኑ ነው።

ድክመቱም እዚያው ነው። ጅማ ውስጥ ብዙ ቤት አባት ይቅማል፣ እንግዳ ሲመጣ ይቃማል፣ ለለቅሶም ለዱአም ይቃማል። አንዳንዱ ቤተሰብ ደግሞ የልጆቹን ደብተር የሚገዛው ከጓሮው ጫት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት «ጫት ከቤትህ አስወጣ» ማለት «እንጀራህን አስወጣ» ማለት ነው፤ ምክር አይሆንም። የሚቻለውን መጠየቅ ይሻላል። የሚቃምበት ክፍል ከሚተኛበት ክፍል ይለይ። አባትየው ቢያንስ ለስድስት ወር ከቤት ውጭ ይቃም። ገረባው (የጫቱ ትርፍራፊ) ማታውኑ ከግቢ ይውጣ። ቅጠሉን የመቁረጥና ወደ ገበያ የመውሰድ ሥራ ለልጁ አይሰጥ። እነዚህን አባትየው እሺ ካለ፣ ያውም በሽማግሌ ፊት እሺ ካለ፣ የቤተሰብ ቤት ይሠራል። «እሱ ወንድ ከሆነ እኔ ፊቱ ብቅምስ ምን አለበት» ካለ አይሠራም፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሌላው ነገር ቁጥጥሩ ነው። ኪሱን መፈተሽ፣ አፉን ማሽተት፣ ሽንት ቤት ሲቆይ በር መምታት፤ ቤተሰብ ከፍርሃት የተነሳ ፖሊስ ይሆናል። ሰውዬው አርባ ዓመት ሞልቶትም እንደ ሕፃን ይያዛል፤ እሱም ይደብቃል። አንድ ሰው ብቻ፣ ቢቻል እሱ ራሱ የመረጠው ታላቅ እህት ወይም አጎት፣ እንዲጠይቀው መስማማት ይሻላል፤ ሌላው ዝም ይበል።

ገጠር ያለ ዘመድ ዘንድ

«አየር ይለውጥ» የሚለው ሐሳብ መነሻው ልክ ነው፤ ከጓደኛና ከመቃሚያ ቤት መራቅ ይረዳል። ግን የት ነው ገጠሩ? በማና፣ በጎማ፣ በቀርሳ፣ በሰቃ በኩል ያለ ዘመድ ከሆነ ልጁ የሚላከው ጫት ወደሚበቅልበት ነው። ከተማ እያለ ገዝቶ ይቅም የነበረው፣ እዚያ ከአጥሩ ይቀነጥሳል። በዚህ ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲለቀም የቀን ገንዘብ በእጅ ይገባል፤ በኪሱ ብር፣ በአጥሩ ቅጠል፣ ማታ ደግሞ አረቄ ቤት።

ስለዚህ ገጠር የሚሠራው ዘመዱ ጫት የማያበቅል፣ የማይጠጣ፣ ልጁን ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚያሠራው ሥራ ያለው ከሆነ ነው። ከብት፣ ወፍጮ፣ የእንጨት ሥራ፣ ሱቅ። ደሞዙ በእጁ ሳይሆን በተስማሙበት ሰው በኩል ይቀመጥለት። የክትትል ቀጠሮው ካልተያዘ ግን ሦስት ወር ቆይቶ ወፍሮ፣ ፊቱ ጠርቶ ይመለስና ከተማ በገባ በሳምንቱ እዚያው ፍራሽ ላይ ይገኛል። የተለወጠው አየሩ ብቻ ነበርና።

ፀበልና ሌላ ሃይማኖታዊ ቆይታ

እምነት ያለው ሰው በእምነቱ ብርታት ያገኛል፤ ይህን የሚክድ መመሪያ ለእኛ አገር አልተጻፈም። ፀበል ቦታ ሱባኤ የገባ ሰው ቀኑ የተያዘ ነው፤ ንጋት ላይ ጥምቀት፣ ጸሎት፣ ጾም፣ አብሮት የሚጸልይ ሰው። በሙስሊሙም በኩል መስጂድ የሚያዘወትር፣ ከዙሁር እስከ መግሪብ ቁርኣን የሚቀራ ልጅ ያ ክፉ የከሰዓት ሰዓት ሳያውቀው ያልፋል። በመጀመሪያው መመዘኛ ይህ አማራጭ ከሁሉም ከፍ ያለ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሚያስፈራኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መድኃኒት ማስጣል። ፀበልና መድኃኒት አይጣሉም ብለው የሚያስተምሩ አባቶች አሉ፤ እንዲህ ካሉት ጋር ሂዱ። «እንክብሉን ጥለህ ና» የሚል ካጋጠማችሁ፣ በተለይ ልጁ ከሱሱ ጋር የአእምሮ ሕመም ካለበት፣ አትቆዩ። ሁለተኛው ሰንሰለት ነው። በፈቃዱ ያልሄደን ሰው አስሮ ማቆየት ሱሱን አያስተወውም፤ የሚያተርፈው ቁስልና ቂም ነው። ቆይታው ሲያበቃ ወዴት እንደሚመለስ አስቀድሞ ያልታሰበበት ከሆነም ሱባኤው የቱንም ያህል ቢያበረታው ከአውቶቡስ ሲወርድ የሚያገኘው የድሮውን ሰፈር ነው።

አዲስ አበባ ያለ ማዕከል

ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንደ አማኑኤልና ጳውሎስ ያሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ፤ ከዚያ ውጭ አስተኝተው የሚያክሙ የግል ማዕከላት አሉ። ባለሙያ በየቀኑ አለ፣ ምክሩ በቡድንም በግልም ይሰጣል፣ ቅጠልም ጠርሙስም አይገባም። ብዙ ጊዜ ሞክሮ ለወደቀ፣ ከሱስ ጋር ሌላ ሕመም ለተደራረበበት ሰው ይህ ወጪ ተገቢ ነው።

ነገር ግን ማዕከል ሕክምና ነው፣ መኖሪያ አይደለም። ቤተሰብ መሬቱን ወይም ባጃጁን ሽጦ ለሁለት ወር ይከፍላል፤ ልጁ ጥሩ ሆኖ ይወጣል፤ ለሦስተኛው ወር የሚሆን ገንዘብ ግን የለም፣ ያለው ያው የድሮው ክፍል ነው። ለማዕከል ልትከፍሉ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱን ለሕክምናው፣ ሌላውን ከሕክምናው በኋላ ላሉት ወራት። ለሁለቱም ካልበቃ ጅማ ባለው ሆስፒታል ታክሞ ገንዘቡን በሙሉ ለመኖሪያው ማዋል የተሻለ ነው። ማዕከሉ ሲሸኘው በጅማ ለሚከታተለው ሐኪም ደብዳቤ ይጻፍለት እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት መታየት ያለበት ሌላም አለ። የሥራ ፈቃዱ፣ የሐኪሙ ስም፣ ስልክ መደወል መፈቀዱ። መታወቂያ የሚቀማ፣ የስድስት ወር ክፍያ በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ፣ «በሃያ አንድ ቀን ነቅለን እንጥልለታለን» የሚል ቦታ ካያችሁ ቀጣዩን አውቶቡስ ያዙ።

ካቆሙ ሰዎች ጋር በጋራ መከራየት

በአንዳንድ አገሮች ከሱስ የሚያገግሙ ሰዎች መኖሪያ ሲባል ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን «ሱሰኛን ከሱሰኛ ጋር?» ተብሎ ሳይታይ ይጣላል። እኔ ከአምስቱ የበለጠ ቦታ የምሰጠው ለእሱ ነው፤ የሚፈልገው ገንዘብ ትንሽ፣ የሚፈልገው ሥርዓት ግን ብዙ ስለሆነ።

በጣም የታወቀው ምሳሌ የተጀመረው በ1975 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ነው። የሚኖሩበት የመንግሥት ማገገሚያ ሊዘጋ ሲል 13 ሰዎች ቤቱን ራሳቸው ተከራይተው ያዙት። ስሙ ኦክስፎርድ ሃውስ ይባላል። ሕጉ ሦስት ነው፤ ቤቱ በድምፅ ብልጫ ይመራል፣ ወጪውን ነዋሪዎቹ ራሳቸው ይሸፍናሉ፣ የጠጣ ወይም የተጠቀመ ይወጣል። በውስጡ የሚያድር ሐኪም ወይም ጠባቂ የለም። በዚያው አገር ኢሊኖይ በምትባለው ግዛት ውስጥ 150 ሰዎች ከሕክምና ሲወጡ በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ እንዲህ ባሉ ቤቶች፣ ግማሾቹ በተለመደው መንገድ ቀጠሉ። ከ24 ወር በኋላ ወደ ሱስ የተመለሱት በቤቶቹ ከገቡት 31 በመቶ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 65 በመቶ ገደማ ነበሩ። የዚያ አገር ሱስ ጫት አይደለም፣ ኪራዩም ኑሮውም ሌላ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ለጅማ ይሠራል አልልም። «አብረው ከኖሩ አብረው ይወድቃሉ» የሚለውን ፍርድ ግን ያናውጠዋል።

ጅማ ውስጥ ይህን ለመሞከር የሚያስፈልገው ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ያለው ግቢና አራት ሰው ነው። ሁለት አይበቃም፤ አንዱ ሲያዘነብል ሌላውን ይዞት ይሄዳል። አራት ሲሆኑ አንዱ ቢወድቅ ሦስቱ ይቆማሉ። ከአራቱ ቢያንስ አንዱ ካቆመ ስድስት ወር የሞላው ይሁን፤ ሁሉም ትናንት ከሆስፒታል የወጡ ከሆነ ማን ማንን ይይዛል? ሁሉም የሐኪም ክትትል ይኑራቸው።

ሰፈሩ ወሳኝ ነው። ሄርማታ መርካቶ ዙሪያ ኪራይ ቢገኝም ገበያው በር ላይ ነው። ወደ ሆስፒታሉ በአንድ ባጃጅ የሚደረስበት፣ በመንገዱ ላይ ግን የጫት ተራ የሌለው ቦታ ፈልጉ። አከራይዋ እዚያው ግቢ የምትኖር ከሆነ ጥሩ ነው፤ ጠላ ወይም አረቄ የምትሸጥ ከሆነች ግን ኪራዩ በግማሽ ቢረክስም ይቅርባችሁ። ለአከራይ የእያንዳንዱን የሕመም ታሪክ መዘርዘር አያስፈልግም። «እዚህ ቤት አይቃምም፣ አይጠጣም፣ የሚያደርግ ካዩ ይንገሩን» ማለት ይበቃል፤ እንዲህ ያለ ተከራይ የማይወድ አከራይ አላጋጠመኝም።

ገንዘቡ በስሌት ይህን ይመስላል። ኪራዩ 8,000 ብር ቢሆንና አራት ቢሆኑ ለአንድ ሰው 2,000 ነው። በዚህ ላይ እያንዳንዱ በወር 500 ብር ወደ መጠባበቂያ ቢያስገባ በአራት ወር የአንድ ወር ሙሉ ኪራይ ይጠራቀማል። መጠባበቂያው የሚያስፈልገው አንዱ ሲወጣ የእሱ ድርሻ ቤቱን እንዳይበትነው ነው። እንዲህ ያለን ቤት ማገርሸት ብቻ ሳይሆን ኪራይም ሊያፈርሰው ይችላል። ብሩን ደሞዝ በገባበት ዕለት መሰብሰብ ይሻላል፤ ቴሌብር ላይ ያደረ ብር አሥር ሰዓት ላይ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቀዋል። ዕቁብ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስተዳደር ሌላ ሥልጠና አያሻውም።

ሕጉን በወረቀት ጻፉት፤ አራቱም ይፈርሙ፣ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሰው ግልባጭ ይያዝ። ረጅም አይሁን። ጫት፣ መጠጥ፣ ሺሻ አይገባም። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ማንም ብቻውን ቤት አይተኛም፤ ሥራ የሌለው ከሥራ ያለው ጋር ይውላል፣ ወይም የዕለቱን ገበያና ምግብ ይይዛል። እሑድ ማታ ሁሉም ይቀመጣል። የቃመ ወይም የጠጣ የዚያኑ ዕለት ራሱ ይናገራል፤ ከተናገረ ቤተሰቡ ዘንድ አድሮ ሐኪም ያያል፣ በሳምንቱ በሦስቱ ድምፅ ይመለሳል። ደብቆ ከተያዘ ይወጣል። አሜሪካኖቹ ሁሉንም ያስወጣሉ፤ እኔ ግን የተናገረንና የደበቀን እኩል የሚቀጣ ቤት መደበቅን ያስተምራል ብዬ ስለማምን ነው የለየሁት።

ልጁ ጨርሶ ሥራ ከሌለውና ቤተሰቡም ድርሻውን መክፈል ካልቻለ ይህ አማራጭ አይሆንም። ኪራይ የማይከፍል ሰው በቤቱ ድምፅ አይኖረውም፤ ቂሙም ከዚያ ይጀምራል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ከሰዓት በኋላ | ከጫትና ከመጠጥ ርቀት | የሐኪም ክትትል | ቢያገረሽ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የቤተሰብ ቤት | ባዶ ወይም በርጫ (የጫት ወግ) ያለበት፤ በስምምነት ይስተካከላል | በአባትየው ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል | ጥሩ | ጭቅጭቅ፣ መደበቅ | ትንሽ |
| ገጠር ያለ ዘመድ | ሥራ ካለ ጥሩ | ጅማ ዙሪያ ከሆነ ደካማ | ደካማ | ዘግይቶ ይታወቃል | ትንሽ |
| ሃይማኖታዊ ቆይታ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | መድኃኒት ካልተከለከለ ብቻ | እንደ ኃላፊው | ትንሽ እስከ መካከለኛ |
| አዲስ አበባ ማዕከል | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | እዚያ እያለ በጣም ጥሩ፣ ሲመለስ ይቋረጣል | ባለሙያ አለ | ከፍተኛ |
| የጋራ ኪራይ | ሕጉ ከተጠበቀ ጥሩ | እንደ ሰፈሩና እንደ አከራዩ | ጥሩ | የተጻፈ መልስ አለ | መካከለኛ፣ በየወሩ |

ለማን የቱ?

ገንዘብ የሌለው፣ ግን ቤቱ ውስጥ የማይቃምና የማይጠጣ ቤተሰብ ልጁን ከቤቱ አያርቅ። የሚጎድለው የከሰዓቱ ሰዓት ብቻ ነው፤ ያንን በሥራ፣ በመስጂድ ወይም በቤተ ክርስቲያን፣ በዘመድ ሱቅ መሙላት ይቻላል።

ቤቱ የሚቃምበት ሆኖ ልጁ ትንሽም ቢሆን ገቢ ካለው የጋራ ኪራይ ይቅደም። ገቢ ከሌለው ጫት የማያበቅል ዘመድ ዘንድ ለጥቂት ወራት አቆይታችሁ ሥራ ስታገኙለት ወደ ኪራዩ አምጡት።

ለረጅም ዓመት የጠጣ፣ በተለይ ከዚህ በፊት ሲያቆም የተንፈራገጠ ሰው፣ መጀመሪያ ሆስፒታል ተኝቶ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላም ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር ሌሊት አብሮት የሚያድር ሰው ባለበት ቤት ይሁን። ከሱሱ ጋር የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ቆጥሮ የሚሰጠው ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ሸክም አራት የሚያገግሙ ወጣቶች ላይ አትጫኑ፤ ቤተሰብ ወይም ማዕከል ይሻለዋል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዶርም የሚመለስ ከሆነ አደጋው የፈተና ሰሞን ነው፤ «እስኪነጋ ለማጥናት» የሚቃመው ያኔ ነው። አንድ ሴሚስተር በሕመም ፈቃድ ማረፍ ከመባረር ይሻላል። ማረፍ ካልቻለ ከማይቅሙ ተማሪዎች ጋር የዶርም ለውጥ ይጠይቅ፤ የሐኪም ደብዳቤ ይረዳዋል። ሌሊት የሚሠራ ሾፌር ወይም ጥበቃም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል፤ ቤቱን ከመለወጡ በፊት ፈረቃውን ይለውጥ።

ሴት ከሆነች ነገሩ ይጠብባታል። የምትቅም ወይም የምትጠጣ ሴት ብዙ ጊዜ በድብቅ ነው የምታደርገው፤ ስሟ እንዳይነሳ ቤተሰብ ሕክምናውንም ይደብቀዋል። ወንዶች የሚኖሩበት የጋራ ቤት ለእሷ አይሆንም፤ ሴቶች ብቻ የሚኖሩበት ካልተገኘ ያላገባች ወይም ልጆቿን ያሳደገች ሴት ዘመድ ዘንድ መሆኗ ይመረጣል። ልጅ ካላት ልጁ አብሯት የሚሄድበት ቦታ ይፈለግ፤ ከልጇ ነጥለው የሚያስገቧት ቦታ ሳምንት አትቆይበትም። ወደ ባሏ የምትመለስ ከሆነና ባሏ የሚጠጣ ወይም የሚደበድባት ከሆነ ግን እነዚህ መመዘኛዎች ሁሉ ይቆዩ፤ መጀመሪያ ከዚያ ቤት ትውጣ።

የመረጣችሁት የቱንም ቢሆን ከሆስፒታል ሳይወጣ ከሐኪሙ ጋር ሦስት ነገር ጨርሱ፤ ቀጣዩ ቀጠሮ በቀን ተጽፎ ይያዝ፣ መድኃኒቱ እስከዚያ ቀን የሚበቃ ይሁን፣ ሌሊት ቢብስበት የሚደወልለት ስልክ ይታወቅ። ከዚያ የመረጣችሁትን ቤት ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ሳትናገሩ ሄዳችሁ አንኳኩ።